ጥፋቱ የድንጋዩ ነው

ፈረስ ሲደናቀፍ የመጀመሪያው ተከሳሽ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ከጠፋ ጉድጓድ ይፈለጋል። ጉድጓድም ካልተገኘ ክሱ ወደ ፈረሱ ይዞራል፤ ሰነፍ ነው፣ ተንኮለኛ ነው፣ ልቡ እዚህ የለም፣ ትናንት ደህና ነበር ዛሬ ምን እንደነካው እንጃለት። ይህም ካላረካ የሰው ዓይን አለ። መንገድ ዳር ቆመው «ወይ ፈረስ!» ብለው ያደነቁ አዛውንት ከነጋቢያቸው ይጠረጠራሉ። ከላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን በተከሳሾች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ገብቶ አያውቅም። እሱ ተበዳይ ነው። አቧራው ይራገፍለታል፤ «እኔን!» ይባልለታል፤ ውሃ ይቀርብለታል። ጉልበቱ ተልጦ ከጎን የቆመውን ፈረስ እግር ብድግ አድርጎ «እስቲ ከሥሩ ምን አለ?» የሚል አንድ ሰው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አይወጣም።

ችሎቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ሦስተኛው ዊልያም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1702፣ ሃምፕተን ኮርት በተባለው ቤተ መንግሥቱ መስክ ላይ ሲጋልብ ሶሬል የተባለው ፈረሱ ተደናቅፎ ጣለው። ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ፤ የሳንባ ምች ተከተለ፤ ንጉሡም በዚያው ቀረ። ምርመራው ብዙ አልፈጀም። ፈረሱ የረገጠው ከመሬት በታች የምትኖር፣ የእኛን ፍልፈል የምትመስል ትንሽ እንስሳ ቆፍራ የከመረችውን አፈር ነው ተባለና ፋይሉ ተዘጋ። ንጉሡ ከዙፋን ያባረረው አማቱ ደጋፊዎች ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ባነሱ ቁጥር ጥቁር ከፋይ ለለበሰው ለዚያ ትንሽ ጌታ ይጠጡ ነበር። ዊልያም በአስም የደከመ የ51 ዓመት ሰው ነበር። ወሬው ግን ቆፋሪውን መረጠ። ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ዛሬም ስሙ የሚነሳው እሱ ነው።

ወደ እኛው ሜዳ እንመለስ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ማዶ ወደ ሱሉልታ ብቅ ያለ ሰው ይህንኑ ችሎት ያለ ክፍያ መታደም ይችላል። ኮርቻ የተጫነባቸው ፈረሶች መንገድ ዳር ቆመዋል፤ ዛብ የያዙ ልጆች «ጋሼ፣ ፈረስ! እትዬ፣ ፈረስ!» ይላሉ። ከመኪናው የሚወርደው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ የተነሳ ነው፤ ያውም ከጥሬ ሥጋ ምሳ፣ ቢራውም ሳይቀር። በግምት 95 ኪሎ ይሆናል፤ ካፖርቱና ሁለቱ ስልኮቹ ሳይቆጠሩ። የደጋው ፈረሳችን ደግሞ ብርቱ ቢሆንም ቁመቱም ክብደቱም ትንሽ ነው። ፈረስ ከነኮርቻው ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ቢሸከም ይበቃዋል ይላሉ ሙያውን የሚያውቁ። እንግዲህ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ቢገኝ 50 ኪሎ ይደርሰዋል ማለት ነው። 50 ኪሎ ደግሞ ሰውዬው ስምንተኛ ክፍል ሳለ የነበረው ክብደት ነው።

ሆኖም ወጣ። መውጣቱ ራሱ አንድ ትዕይንት ነው፤ አንዱ ልጅ እግሩን ሲገፋ፣ አንዱ እርካቡን ሲይዝ፣ ሦስተኛው ኮርቻው እንዳይዞር በሌላው በኩል ተንጠልጥሎ ሲጎትት። ከተቀመጠ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ዛቡን ደረቱ ድረስ መሳብ ነው።

«ጋሼ፣ ዛቡን ትንሽ ላላ ያድርጉለት» ይላል ልጁ።

«አንተ ልጅ፣ ፈረስ ልታስተምረኝ ነው? አያቴ እኮ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ!»

እንግዲህ ይኸው አያቱ መጡ። አዲስ አበባ ውስጥ አያቱ ፈረሰኛ ያልነበሩ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ያ ሁሉ አያት በእርግጥ ፈረሰኛ ከነበረ የያኔው ጦር እግረኛ የሚባል ክፍል ምን እንዳደረገለት አይገባኝም። ብቻ ፈረሰኛነት በደም ይተላለፋል የሚል ጽኑ እምነት አለ፤ በደም የሚተላለፈው ስኳር በሽታ ብቻ መሆኑን ሐኪም ቤት እስክንሄድ አንቀበልም።

የልጁ ምክር ግን እንዲሁ የተወረወረ አልነበረም። ፈረስ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ ስልሳ በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው። አንገቱና ራሱ ሚዛን መጠበቂያዎቹ ናቸው፤ እግሩ ሲያዳልጠው አንገቱን ዘርግቶ ራሱን ከፍ ዝቅ በማድረግ ይመለሳል። ዛቡ ደረት ድረስ ሲሳብ ያ አንገት ይታሰራል። ያዳለጠው ፈረስ በራሱ መዳን ይችል የነበረው በዚያች ቅጽበት ነው፤ በዚያችው ቅጽበት ግን ከላይ ያለው ሰው ደንግጦ ልጓሙን ይበልጥ ይስባል። በዚህ ላይ ጋሼ ራሳቸውን ፎቶ ለማንሳት ወደ ፊት ተደፍተዋል። 95 ኪሎው ከጀርባው መሐል ተነስቶ ወደ ትከሻው ሄደ፤ ቀድሞውንም ብዙውን የተሸከሙት ሁለት እግሮች ተጨማሪ ተጫነባቸው። አንድ እጅ ስልክ፣ አንድ እጅ ዛብ፣ ዓይን ካሜራ ላይ፣ ፈገግታ በቦታው። ፈረሱ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ።

ችሎቱ ወዲያው ተሰየመ። ባለቤታቸው «የሰው ዓይን ነው» አሉ። ጋሼ «እንዴ! ገና ሳልለጥፈው?» አሉ። አብሯቸው የመጣ ወዳጃቸው መሬቱን ሲያስስ ቆይቶ የእንቁላል መጠን ያላት ጠጠር አገኘና ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ሁሉም «በቃ፣ እሷ ናት» አለ። ልጁ ምንም አላለም። የሚከፈለው ለፈረሱ ነው እንጂ ለአስተያየቱ አይደለም።

የከፋው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ፈረሱ ተነስቶ ገና አራት እግሩን ሳያደላድል አለንጋ ያርፍበታል፤ «ሁለተኛ እንዳይለምደው» ተብሎ። ፈረስ ግን የተገረፈው ስለ መደናቀፉ መሆኑን የሚገነዘበው በእኛ ስሌት አይደለም። እሱ የሚማረው እግሩ ባዳለጠው ቁጥር ከላይ መዓት እንደሚወርድ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ሲያዳልጠው ራሱን ወርውሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሳያይ ይሮጣል፤ ሳያይ የሚሮጥ ፈረስም ይደናቀፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት የታወቀ ነው። እዚህ ግን አለንጋውን የያዘው ዳውላው ራሱ ነው።

እስቲ አሁን ማንም ያላነሳውን እግር እናንሳ። ፈረስ በየእግሩ በአንድ ጣት ቆሞ የሚሄድ እንስሳ ነው፤ ሰኮና የምንለው የዚያ ጣት ጥፍር ነው። ጥፍር ደግሞ ያድጋል፤ በወር እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ድንጋያማ አገር ላይ ውሎ የሚያድር፣ በባዶ እግሩ ተራራ የሚወጣ የሚወርድ ፈረስ ድንጋዩ ራሱ ይሞርድለታል። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው ረድፍ የተከሰሰው ድንጋይ የብዙ ፈረሶች ጥፍር ቆራጭ ሆኖ ተገኘ። ለስላሳ ሣር ላይ የሚውለው፣ ወይም ደጅ ታስሮ በእንክብካቤ የሚቀለበው ግን የሚሞርደው የለም፤ በየስድስት በየስምንት ሳምንቱ የሰው እጅ ይፈልጋል። ካልተቆረጠ የሰኮናው አፍንጫ ይረዝማል፣ ተረከዙ ዝቅ ይላል፤ እግሩ ከመሬት የሚነሳበት ቅጽበት ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር አፍንጫው መሬቱን ይነካል። ድንጋይ አያስፈልገውም፤ የተስተካከለ ሜዳ ላይ በራሱ ጥፍር ይደናቀፋል።

ይህን አንድ ጊዜ ለአንድ ባለ ፈረስ ሳነሳለት «የፈረስ ጥፍር ይቆረጣል እንዴ?» አለኝ። ይህ ሰው የመኪናውን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ያስቀይራል፤ ቀኑን በወረቀት ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጥፏል። መኪናው ቢታመም ጋራዥ ይቆማል፤ ጋራዡ ያስከፍለዋል። ፈረሱ ሲታመም መሄዱን አያቆምም፤ ስለዚህ አልታመመም።

ከሰኮናው ሥር ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ከመሐል ያለችው ለስላሳ ክፍል በእርጥብ ፋንድያና ሽንት ላይ ቀንና ሌሊት ስትቆም ትበሰብሳለች፤ ሽታዋን አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። በጎኗ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ጠጠር ይሰካል። ወደ ኋላ ደግሞ ከውስጥ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች፤ እሷና አካባቢዋ ሲታመሙ ፈረሱ ተረከዙን መሬት ማስነካት ይፈራል፤ በአፍንጫው ይረግጣል፤ በአፍንጫው የረገጠ ደግሞ ይሰናከላል። ይህ ሁሉ ከታች ሲካሄድ ከላይ ጋማው ተበጥሯል፣ ግላሱ ወርቀ ዘቦ ነው፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አለ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ጌጡ ከጉልበት በታች ወርዶ አያውቅም።

ጌጥ ስል ትዝ ያለኝን ላንሳ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ፈረስ በዚያ አገር ምን ዓይነት የክብር እንስሳ እንደሆነ ማንም ያያል። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም፤ ከፈረስ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ጠቤ ይህን በቴሌቪዥን አይቶ በማግስቱ ፈረስ ከሚገዛው ከተሜ ጋር ነው። ሰውየው ፍቅሩን የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በማብላት። እንግዳ ሲመጣበት «ብሉልኝ» ብሎ የሚያስጨንቅ ሕዝብ ፈረሱንም አይምረውም። በዓል ሲቀርብ ገብስ በቁና ይሰፈርለታል፤ ጎረቤት መጥቶ ሌላ ይጨምርለታል። ገብሱ የሚቦካው ሆዱ ውስጥ ነው፤ መዘዙ የሚወጣው ግን እግሩ ላይ ነው። ሰኮናውን ከውስጡ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣል፣ ማበጥ ይፈልጋል፤ የሰኮናው ግድግዳ ግን አይለጠጥለትም። ፈረሱ መርገጥ ያቅተዋል፤ አጠር አጠር እያደረገ፣ ተረከዙን እያስቀደመ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ እየተሰቀቀ ይሄዳል። ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ለጎረቤቶቹ ምን ይላል? «ኩራቱን እዩልኝ!»

ፈረስ ገበያ ላይም ቢሆን ያው ነው። ገዢው ጥርሱን ይቆጥራል፣ ጋማውን ይዳብሳል፣ የግንባሩን ነጭ ይመረምራል፣ ቦራ ነው ዳማ ነው ብሎ ከአጃቢዎቹ ጋር ይከራከራል። ከዚያ «እስቲ አስጋልበው» ይላል። ሻጩም የሚጠብቀው ይህችኑ ነው፤ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ እንከኑን ይዞት ይበራል። የሚያነክስ እግር የሚታየው ጠንካራ መሬት ላይ፣ በሶምሶማ፣ በቀጥታ መንገድ ነው፤ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ራሱን ብድግ ያደርጋል። ዘገም እያለ ሲሄድ ደግሞ አፍንጫው አቧራ የሚያስነሳው እግር የትኛው እንደሆነ ይለያል። ይህን ለማየት ግን ገዢው ዝም ብሎ ለጥቂት ደቂቃ መቆም አለበት፤ ገበያ መካከል ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ገንዘብ የሌለው ያስመስላል። ዜኖፎን የተባለው ግሪካዊ ወታደር ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፉ ገዢ ምርመራውን ከሰኮና እንዲጀምር መክሯል። እኛ እስካሁን ጥርሱ ላይ ነን።

ኮርቻው የራሱ ጉድ አለው። ወደ ፊት ተገፍቶ ከተጫነ የትከሻውን አጥንት ይጫነዋል፤ ፈረሱ የፊት እግሩን በሙሉ መዘርጋት ይሳነዋል፤ እርምጃው ሲያጥር ከፍታውም ያንሳል። መቀነቻው ከላላ ወደ አንድ ጎን ይዘማል፤ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ከኮርቻው ጋር ሲታገል ይውላል። ከሥሩ ቁስል ካለ ግላሱ ይሸፍነዋል፤ ግላስ የተሠራው ለዚህ ባይሆንም በዚህ ሥራው የሚደርስበት የለም። ሰው «ኮርቻው ስንት ወጣበት?» ይላል እንጂ «ከሥሩ ምን አለ?» አይልም፤ መጠየቁም ነውር ነው።

ዓይኑን በተመለከተ አጭር ነው። ፈረስ ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ይቀረዋል፤ የማያየው ከጅራቱ ኋላና ከግንባሩ ፊት፣ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነው። ከፀሐይ ድንገት ወደ ባሕር ዛፍ ጥላ ሲገባ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ከሰው ዓይን ይበልጥ ይዘገያል። ያን ጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ መሬቱን ልይ ቢል «ሣር አማረው» ተብሎ ዛቡ ይሳባል።

የእንቅልፉ ነገር ግን ቆም ያሰኛል። ፈረስ ቆሞ ይተኛል የሚባለው እውነት ነው፤ እግሮቹን ሳይደክም ቆልፎ የሚያቆም የጅማት ሥርዓት አለው። ከባዱን እንቅልፍ ግን ቆሞ አይወጣውም፤ በቀን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ ጋደም ማለት አለበት። ጋደም የሚለው ደግሞ ቦታ ሲኖረው፣ ሕመም ሳይኖረው፣ ከሁሉም በላይ ሳይፈራ ነው። ጅብ በሚጮኽበት ሰፈር ብቻውን ታስሮ ያደረ ፈረስ ጋደም ይላል ብሎ የሚያስብ ሰው እስቲ እሱ ራሱ አንድ ሌሊት አብሮት ሜዳ ላይ ይደር። እንዲህ ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋው ፈረስ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በቆመበት ጉልበቱ ይከዳውና ወደ ፊት ይደፋል፤ ከመውደቁ በፊት ይነቃል። ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት የቆዩ ጠባሳዎች ካሉበት ነገሩ ያ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ሲያንቀላፋ የታየ ፈረስ «ረጋ ያለ፣ ለልጅ የሚሆን» ይባልና ለልጆች ልደት ይከራያል።

አንዳንዴም ነገሩ ከእግር በላይ ነው። በአንገቱ አከርካሪ ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ሲጨመቅ ፈረሱ እግሩ የት እንዳለ በትክክል ማወቅ ያቅተዋል፤ የኋላ እግሩን ይጎትታል፣ በሰከረ ሰው አረማመድ ይወላገዳል። ሐኪሞች ይህን የሚያጣሩት ጠባብ ክብ እያዞሩ በማስኬድና ፈረሱ እየተራመደ ሳለ ጅራቱን ወደ ጎን በመሳብ ነው፤ ጤነኛው ፈረስ ሳቡን ተቋቁሞ መንገዱን ይቀጥላል፣ የታመመው ይንገዳገዳል። እንዲህ ያለውን ፈረስ መጋለብ አደጋው ለሁለቱም ነው። የዕድሜ የመገጣጠሚያ ሕመምም አለ፤ እሱን እንኳ ለማስረዳት ብዙ አልደክምም፤ አርባ ያለፈው አንባቢ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ይጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ የስሙ ነገር ነው። እኛ ሰውን በፈረሱ የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ፈረሱ ሲሮጥ ክብሩ የጋላቢው ነው፤ ስሙ ሳይቀር ተወስዶ ለሰው ይሰጣል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለን ተርተን የማድረሱን ሥራ እንኳ ዝቅ አድርገንበታል። ሲደናቀፍ ግን ሽርክናው በአንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ «ፈረሱ ጣለኝ» እንጂ «ወደቅን» የሚል ሰው አልሰማሁም። በአገሪቱ ውስጥ አንድም አባ ደንቅፍ የለም። እስካሁን ስንት ፈረስ እንደተደናቀፈ ስናስበው ጥቂት ባላባቶች ሊኖሩት ይገባ ነበር።

መቼም የሚደናቀፍ ፈረስ አንድ ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ መምጣቱ አይቀርም፤ ባለቤቱ ሁሉንም ነገር ከሞከረ በኋላ። ጸበል ተረጭቷል፤ አንገቱ ላይ ክታብ ታስሯል፤ እነዚያ ያደነቁት አዛውንት መንገድ እንዲቀይሩ ተደርጓል። አንዱን እንዲህ ያለ ጉዳይ ተራ ስጠብቅ ዳር ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ዶክተር፣ ፈረሴ ይደናቀፍብኛል፤ ጠንከር ያለ መርፌ ይውጉልኝ» አሉ ሰውየው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ፈረሱን ወዲያ ወዲህ አስኬደው፤ ከዚያ የፊት ግራ እግሩን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስደገፈና በማጽጃ መቆፈር ጀመረ። ጭቃ ወጣ፣ ፋንድያ ወጣ፣ ጠጠር ወጣ፣ በመጨረሻ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የቆርኪ ቁራጭ ወጣ። የሰኮናውን አፍንጫ ቆርጦ በሞረድ አስተካከለው። ላቡን ጠርጎ ተነሳ።

«አባባ፣ ኮርቻውን አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይጫኑት። ለሁለት ሳምንት እንዳይጋለብ። ደረቅ ቦታ ይደር። በስድስት ሳምንቱ ደግሞ ይዘውት ይምጡ፤ እንቆርጥለታለን።»

«እሺ። መርፌውስ?»

«መርፌ አያስፈልገውም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ሰውየው ሐኪሙን፣ ከዚያ ሞረዱን፣ ከዚያ ደግሞ መሬት ላይ የወደቀውን የጥፍር ፍርፋሪ አዩ። የከፈሉትን በልባቸው እንደሚያሰሉ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ደጅ የሚጠብቃቸው ወዳጃቸው «እህ፣ ምን አለ?» አላቸው።

«ጥፍር ቆርጦ ላከኝ።»

«ጥፍር!» አለ ወዳጁ ራሱን እየነቀነቀ። «የዛሬ ልጆች ምን ያውቃሉ ብለው ነው? ከገበያው ጀርባ አንድ የሚወጋ ሰው አለ። አንዴ ነው የሚወጋው፤ በማግስቱ ይበርራል።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም!» አሉና ኮርቻውን ወደ ድሮው ቦታው ገፉት። እግራቸውን በእርካቡ አስገብተው ወጡ፤ ዛቡን ደረታቸው ድረስ ስበው በጠጠሩ መንገድ ወደ ገበያው ጀርባ ሶምሶማ አሉ። ወዳጃቸው ከኋላ እየተከተለ «ቀስ ይበሉ፣ መንገዱ ድንጋይ አለው!» ይል ነበር።